ግድግዳ አምጣ የሚለው ፕሮግራም

ይህን የምጽፈው ለመሳቅ ይሁን ለመናዘዝ እኔም አላወቅሁትም። አንብቡትና እናንተው ወስኑ። መወሰን የሚባለው ነገር ከእኔ ከራቀ ሰንብቷል።

ሥራዬ ፎቶና ሥዕል ፍሬም ውስጥ ማስገባት ነው። «ሥራዬ» ስል ትንሽ አፍራለሁ። ሥራው የታላቅ ወንድሜ የአማረ ነበር። ላሊበላ ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ አንድ በር ያላት የቆርቆሮ ሱቅ ናት። እሱ ጣውላ ይቆርጣል፣ ማዕዘን ይገጥማል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ወዲህ መስታወት እወለውላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ መስታወት ብቻ። መወልወል ላይ ጎበዝ ነኝ፤ እሱን ማንም አይነሳኝም።

አማረ ፍሬም አያስመርጥም ነበር። ደንበኛው ፎቶውን ሲዘረጋ መጀመሪያ ፎቶውን ያያል። ከዚያ የሰውየውን ፊት ያያል። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ ይሰድና፣ ዞሮ ሳያይ፣ ከተደረደሩት ጣውላዎች አንዱን ይመዛል። ደንበኛው «ውይ! ይኸንኑ ነበር ያሰብኩት» ይላል። ምንም አላሰበም፤ እኔ ፊቱን አይቼዋለሁ። አንድ ቀን «እንዴት ነው የምታውቀው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ይታየኛል» አለኝ። ከእሱ የተማርኩት የሙያ ትምህርት በሙሉ ይኸው ነው።

ከዚያ ታመመ። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ይህን ነገር ላስረዝመው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ይለፈኝ።

ሱቁን በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከፈትኩ። ያልተሠራ የሰው ፎቶ ነበረብን። ከቤት ስወጣ እናቴ ጠራችኝ።

«የወንድምህን ፎቶ በትልቁ አሳጥብና ፍሬም አግባልኝ። ለአርባው ይድረስልኝ። የፍላቂት ዘመዶቻችን ቀብሩ አልደረሰላቸውም፤ በአርባው ነው የሚመጡት።»

«እሺ» አልኳት።

«ደህና አድርገህ ነው ታዲያ። እሱ እንደሚሠራው።»

«እሺ» አልኳት። ሁለተኛውን እሺ ያልኩት ሳላስብ ነው።

ፎቶው በሁለት ቀን ታጥቦ መጣ። በአንድ ሠርግ ላይ የተነሳው ነው፤ ሊስቅ ሲል ተይዟል። ሱቃችን ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓይነት ጣውላ አለ። ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ቁራጭ በማዕዘን ተገጥሞ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ እሱን አውርዶ የፎቶው ጫፍ ላይ ማድረግና ማየት ነው። ቀላል ነው። ጥቁሩን አደረግሁበት፤ እንደገና ሞተ። ወርቃማውን አደረግሁበት፤ ተሾመ። ነጩን አደረግሁበት፤ አገባ። ቡናማውን ሳደርግበት መታወቂያ ሊያወጣ የተሰለፈ ሰው መሰለ። ሠላሳ አንዱንም ጨረስኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሁለተኛ ዙር ላይ ጥቁሩ ጥሩ ሆነ፤ ወርቃማው አስጠላኝ። ሦስተኛ ዙር ላይ የጣውላውን ቀለም ትቼ የወንድሜን ጥርስ መቁጠር ጀምሬ ነበር።

አብሮ አደጌ ሲሳይ ገብቶ ያገኘኝ እንዲህ ሆኜ ነው። ሲሳይ አስጎብኚ ነው። እንግዳ ሲመጣ ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ እየወሰደ ያስጎበኛል፤ እንግዳ ሲጠፋ ላፕቶፑን ታቅፎ ከተማውን ይዞራል። በዚያ ሰሞን እንግዳ ጠፍቶ ነበር።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለኝ።

«አልታይ ብሎኝ ነው።»

«ምኑ?»

«ፍሬሙ። ምን እንደሚመስል።»

«ወንድምዓለም!» አለና ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው። «ዓለም የት ደርሷል፣ አንተ ቁራጭ እንጨት ይዘህ ትፈጣለህ! ለዚህ እኮ ሶፍትዌር አለ። ፎቶውን ታስገባለህ፣ ፍሬሙን ትነካለህ፣ ተሠርቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ታየዋለህ። ሳትቆርጥ!»

ሳትቆርጥ የሚለው ቃል ልቤን ነካው። የሚያይልኝ ነገር ተገኘ ማለት ነው። አማረ ብቻ ይታየው የነበረው ነገር ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። በማግስቱ ሱቁን ዘግተን ዋይፋይ ያለበት ሆቴል በረንዳ ላይ ሄደን ተቀመጥን።

አንድ መስሎኝ ነበር። አንድ አይደለም። ሲሳይ ፈልጎ ያወጣቸው ብቻ አሥራ አራት ናቸው። ሁሉም ከሁሉም እበልጣለሁ ይላሉ። አንዱ ለትልልቅ ሱቅ ነው፣ አንዱ ለሠዓሊ ነው፣ አንዱ ጣውላ የሚሸጥልህ ድርጅት ነው የሚሰጥህ፣ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፣ አንዱ አይጫንም፤ ደመና ላይ ነው አለኝ። ደመናው ለእኛ ሐምሌ ላይ ብቻ ነው የሚመጣው ብዬ ልቀልድ ፈለግሁና አቅሙ አልነበረኝም። የሂሳብ ደብተሬን ገልጬ ሠንጠረዥ አሰመርኩ። በአንድ ጎን ስማቸው፣ በአንድ ጎን የሚሠሩት። ስማቸው እንግሊዝኛ፣ የሚሠሩትም እንግሊዝኛ። ሠንጠረዡ ሲሞላ ቀድሞ ከነበርኩበት የበለጠ ጠፋሁ። አስተናጋጇ ሦስት ጊዜ መጥታ «ምን ልታዘዝ?» ካለችን በኋላ በአራተኛው «ወይስ ዳውንሎድ ብቻ ነው?» አለች።

የመጀመሪያው ፕሮግራም ለመውረድ አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። ዘጠና ስምንት በመቶ ሲደርስ መብራት ሄደ። ሲሳይ እጁን ራሱ ላይ ጫነ፤ አንድ ሽማግሌ በመንገድ ሲያልፉ ቆመው «ማን አረፈ?» አሉ። እኔን ሲያዩ ደነገጡና እንደገና ነፍስ ይማር ብለውኝ ሄዱ።

በስተመጨረሻ ተጫነ። ከመከፈቱ በፊት ቅጽ ሙላ አለ። የሱቁ ስም። ስንት ቅርንጫፍ አለህ? ሲሳይ «አንድ በር ያለው ሱቅ ስንት ቅርንጫፍ ይኖረዋል?» ብሎ ሳቀና አንድ አለ። ስንት ሠራተኛ? እኔ ጣቴን ሰድጄ 2 ጻፍኩ። ሲሳይ ቀስ ብሎ አጠፋውና 1 ጻፈ። ሁለታችንም ስለ መብራት ማውራት ጀመርን።

ይኸው ፕሮግራም በነጻ የሚሠራው ለሙከራ ነው፤ ስለዚህ በምታየው ፎቶ ላይ ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ «ለሙከራ ብቻ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይጋርድበታል። በወንድሜ ፎቶ ከመጀመር በደንበኛ ፎቶ እንለማመድ ብዬ የእትዬ ዘነበችን ልጅ አስገባሁ። እትዬ ዘነበች የልጃቸውን የምረቃ ፎቶ ለማሠራት የሰጡን ጎረቤት ናቸው፤ በመጥፎ ሰዓት ሱቁ ገቡ።

«ምን ብለው ነው ግንባሯ ላይ የጻፉባት?» አሉ።

«ምንም አይደለም እትዬ፣ ‹ለሙከራ ብቻ› ነው የሚለው።»

«ማንን?»

«ፎቶውን።»

«ልጄን ነዋ! ከነጋዋኗ! አንተ፣ ይህቺ ልጅ ተመርቃለች! ሙከራው አምና አብቅቷል! ማን ነው ይህን የጻፈው? ከዩኒቨርሲቲው ነው?»

«ከዩኒቨርሲቲው አይደለም፣ ከሶፍትዌሩ…»

«አጥፉላት!»

አይጠፋም። እትዬ ዘነበች ፎቶውን ከእጄ ነጥቀው በነጠላቸው ግንባሯን ጠረጉት። ወረቀቱ ላይ ምንም አልነበረም፤ እሳቸው ግን እስኪረኩ ጠረጉ። እንደዚያ ጽሑፍ ያለ ነገር በአማረ ፊት ላይ ሲጋደም ማየት አልቻልኩም። ተውነው።

ሁለተኛው ፕሮግራም ጽሑፍ የለውም፤ ቤት አለው። ፎቶህን ስታስገባ ራሱ ባዘጋጀው ሳሎን ውስጥ ይሰቅልልሃል። ነጭ ግድግዳ፣ ሰፊ ሶፋ፣ መብራት፣ ምንጣፍ፣ ምንጣፉ ላይ የተኛ ውሻ። ቤቱ ያምራል። ሲሳይ «እንዲህ ያለ ቤት ያለው ሰው ፎቶ መስቀል ለምን አስፈለገው?» አለ።

በዚያን ቀን ከነአኩቶ ለአብ አንድ መሪጌታ የእመቤታችንን ሥዕል ይዘው መጡ። አማረን ይወዱት ነበር። «በል አሳየኝ» ብለው ቁጭ አሉ። ሥዕሏን በስልክ አንስተን አስገባን። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ወጣች፤ በእርግጥ ታምር ነበር። መሪጌታ ዓይናቸውን አጥብበው ቆዩ።

«ይህ የማን ቤት ነው?»

«የማንም አይደለም አባቴ፣ ለማሳያ ነው።»

«ውሻውስ?»

«ውሻውም ለማሳያ ነው።»

«እና እመቤታችን ለማሳያ ብላ ከውሻ ጋር ትዋል?»

ሲሳይ «አሁን አወጣዋለሁ፣ አባቴ» ብሎ ተጣደፈ። አንዱን ሲነካ ሶፋው ጠፋ። ሌላውን ሲነካ መብራቱ ጠፋ። ከዚያ ምንጣፉ ጠፋ። ውሻው ተኝቶበት የነበረው ወለል ሁሉ ጠፍቶ እሱ አየር ላይ እንደተኛ ቀረ።

«መጋረጃዋስ?» አሉ መሪጌታ። የቅዱሳን ሥዕል እኛ ዘንድ ራቁቱን አይሰቀልም፤ መጋረጃ ይደረግለታል። ፈለግን፤ መጋረጃ አለው፤ ግን የመስኮት ነው። ሲሳይ ሰቀለው። ከጣሪያ እስከ ወለል ወረደና ሥዕሏንም ግድግዳውንም ሸፈነ። ውሻው ግን ከመጋረጃው ፊት ለፊት ወጣ።

መሪጌታ ሊቆጡ መስሎኝ ነበር። አልተቆጡም። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ወንድምህ ይህን ሁሉ ሳያደርግ ነበር የሚያውቀው።»

«እኔ አላውቅም አባቴ። ለዚህ ነው።»

«እግዚአብሔር ያሳይህ» ብለው ሥዕሏን በጨርቋ ጠቅልለው አስቀመጡልኝና ወጡ። ለአርባው የቀረው ዘጠኝ ቀን ነበር። እናቴ በየማታው ፊቴን ታያለች፤ አትጠይቅም። ብትጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

ሦስተኛውን ሲሳይ በደስታ እየጮኸ ነው ያመጣው። ስልክ ላይ የሚሠራ ነው። የሰው ሳሎን አያስፈልግም፤ ስልክህን ወደ ገዛ ግድግዳህ ስታዞር ፎቶው ከነፍሬሙ እዚያው ተሰቅሎ ታየዋለህ። «ቤታችሁ ሂድና ሞክር» አለኝ። «በራሱ ቦታ ላይ ስታየው ትወስናለህ።»

ይህ ልክ መሰለኝ። እስካሁን ያልታየኝ ቦታውን ስላላየሁ ነው አልኩ። ቤት ገባሁ፤ ስልኩን አነሳሁ። ስልኩ በእንግሊዝኛ «ግድግዳ ፈልግ» አለኝ።

ቤታችን አያቴ ያሠሩት ክብ የድንጋይ ቤት ነው። ላስታ ውስጥ እንደዚያ ያለ ቤት ብዙ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ሙቀት ይይዛል፤ ግን ቀጥ ያለ ነገር የለውም። ስልኩን ወደ ምሥራቅ አዞርኩ። «ግድግዳ ፈልግ።» ወደ ምዕራብ አዞርኩ። «ስልክህን ቀስ ብለህ አንቀሳቅስ።» ቀስ ብዬ አንቀሳቀስኩ። ግድግዳው አያልቅም፤ ክብ ነዋ። ስልኬን ከፊቴ ይዤ፣ ትከሻዬን ሰብቄ፣ ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። በሁለተኛው ዙር ወንድሜ ብቅ አለና አልጋው ላይ በአየር ተንሳፈፈ። ስጠጋው ሸሸ። በሦስተኛው ዙር የእህል ጎታው ላይ ተለጠፈ፤ ለጥቂት ጊዜ ሊስቅ ሲል ቆየ፤ ከዚያ ዘንበል ብሎ ወደ ወለሉ ሰመጠ። «ኧረ ቁም!» አልኩት ጮክ ብዬ።

ዞር ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች።

«ምን እየፈለግህ ነው፣ ሆዴ?»

«ግድግዳ።»

ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው። «ግድግዳ ጠፋብህ?»

አስረዳኋት። እንዴት እንዳስረዳኋት አትጠይቁኝ። ደመናውን፣ ሳሎኑን፣ ውሻውን፣ ሠላሳ አንዱን ጣውላ። የትኛው ቦታ ላይ እንደሚሰቀል ካላወቅሁ የትኛው ፍሬም እንደሚሆን አይታየኝም አልኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ማን ስቀለው አለህ?» አለች።

«ኧ?»

«እኔ ስቀልልኝ ብያለሁ? የፍላቂት ሰው መጥቶ ደረት ሲመታ እኔ ምን ይዤ ልነሳ ነው? ግድግዳውን ልይዝ ነው?»

ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።

«በቀብሩ ዕለት ምን እንደያዝኩ አላየህም?» አለች። «ጉርድ ፎቶ! ከመታወቂያው የተረፈችውን! በመዳፌ ይዣት ብድግ ስል ሰው ሁሉ ‹ምን ይዛ ነው?› ይላል። ያቺ የእሸቴ ሚስት ክኒን መስሏት ውኃ አመጣችልኝ። ልጄን ማንም አላየውም። የምታቀፈው ነው የምፈልገው፣ አንተ። ከፍ ሳደርገው የሚታይ፤ ዝቅ ሳደርገው ደረቴ ላይ የሚሆን።»

ሳቀች መሰለኝ። ወይም ሌላ ነገር ነው፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስለነበር አልለየሁትም።

እንግዲህ አስቡት። አሥራ አራት ፕሮግራም፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ አንድ የተናደዱ ጎረቤት፣ አንድ አየር ላይ የቀረ ውሻ። እናቴ ደግሞ ከሱቁ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ተቀምጣለች፤ አንድም ቀን «ምን ልታደርጊበት ነው?» አላልኳትም። አማረ የደንበኛውን ፊት ያይ የነበረው ለዚህ ይሆን? አላውቅም። አልነገረኝም፤ እኔም መስታወት ላይ ነበርኩ።

ሲሳይ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ከሦስቱም ፕሮግራሞች «የሚታቀፍ» የሚል ፈልጎ አጣ። ለአንዱ ድርጅት በእንግሊዝኛ ጽፎ ጠየቃቸው፤ ፍሬሙ በእናት እጅ የሚያዝ ነው፣ በለቅሶ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል ብሎ። መልስ በማግስቱ መጣ። ከልብ እናመሰግናለን፣ የግድግዳዎ ቀለም ምንድን ነው ይላል።

በማግስቱ ከሱቁ አራት ባዶ ፍሬም ተሸክሜ ቤት ገባሁ። እናቴ አንዱን ታቀፈች፤ «ይኸኛው ይከብዳል፣ ብድግ ስል ይጥለኛል።» ሌላውን ታቀፈች፤ «ጠርዙ ደረቴን ወጋኝ።» ሊጠይቋት የመጡ ጎረቤቶች «እስቲ አምጪው» ብለው ተቀባበሉት። አንዷ ባዶውን ፍሬም ታቅፋ ወዝወዝ ስትል የሞተ ባሏ ትዝ አላትና ማልቀስ ጀመረች። እሷን አይታ ሌላዋ ሌላውን ባዶ ፍሬም አንስታ ወንድሟን አለቀሰች። ሦስተኛዋ ፍሬም አላገኘችም፤ በወንፊት አለቀሰች። እኔ መሐላቸው ቆሜ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፦ ወርዱ ከክርን እስከ ክርን። ጣውላው ቀጭን። ጠርዙ ክብ ይሁን። ላብ የማያንሸራትተው፤ ቀለም የሌለው። ስለ ቀለሙ አንድም ሰው አልጠየቀኝም።

ቆረጥኩ። ማዕዘኑን ሁለት ጊዜ አበላሽቼ በሦስተኛው ገጠምኩ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፤ ጉንጬ ላይ እስክሞክረው ድረስ። መስታወቱን በሚገባ ወልውዬ አስገባሁና ይዤላት ሄድኩ።

ታቀፈችው። ጎንበስ ብላ አየችው። ቆየች።

«መስታወቱን አውጣው» አለች።

«እማዬ፣ አቧራ ይገባበታል እኮ።»

«ጎንበስ ስል የሚታየኝ የእኔው ፊት ነው። እኔን ምን ያደርግልኛል?»

አወጣሁት።

በአርባው ጠዋት የፍላቂት ሰዎች በሁለት ሚኒባስ መጡ። ገና ከሩቅ፣ ከመኪናው ሳይርቁ ጩኸታቸው ቀደማቸው። እናቴ ከዳሱ ብድግ ብላ ወጣች። ከፍ አደረገችው። ሁሉም አየው፤ ሊስቅ ሲል። ዝቅ አደረገችው፤ ደረቷ ላይ ሆነ። አልከበዳትም፣ አልወጋትም። እኔ ከኋላ ቆሜ የማየው ማዕዘኖቹን ነበር፤ እንዳይላቀቁ። አልተላቀቁም።

ሲቆይ ክንዷ ዛለ። ዞር ስትል በቅርብ ያለሁት እኔ ነኝ። ፎቶውን ሰጠችኝ። ስንት ቀን ሙሉ ያየሁት ፎቶ ነው፤ በማዕዘን፣ በስክሪን፣ በጎታ ላይ። ይዤው ግን አላውቅም። በሁለት እጄ ዘርግቼ ቆምኩ።

«አንተ!» አለች አክስቴ፣ እያለቀሰች። «እንደ ትሪ አትያዘው! ምን ልታሳልፍበት ነው? ወደ አንተ አድርገው! ወደ ደረትህ!»

ወደ ደረቴ አደረግሁት። የተሠራው በእናቴ ልክ ነው፤ ለእኔ ጠበበኝ። ክርኖቼን ሰብሰብ አደረግሁና ያዝኩት።